ኪዩቡ መስከረምን ከመስከረም እንዲለይ፦ የዳይሜንሽን ኪይ አመራረጥ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት የምትሠራ እህት በማይክሮሶፍት አናሊሲስ ሰርቪስስ የሽያጭ ኪዩብ (ሽያጩን በቀን፣ በደንበኛ እየከፋፈለ የሚደምር የሪፖርት ዳታቤዝ) ሠርታለች፤ መልቲዳይሜንሽናል በሚባለው ዓይነት። የቀን ዳይሜንሽኑን፣ ማለትም ሽያጩ በቀን የሚከፋፈልበትን ዝርዝር፣ ፕሮሰስ ስታደርግ (ዳታውን ወደ ኪዩቡ ስትጭን) «የተደገመ የአትሪቢዩት ኪይ ተገኝቷል፤ ኮለምን፦ የወር ስም፤ ቫልዩ፦ መስከረም» የሚል ኤረር መጣባት። አትሪቢዩት ማለት እንደ ወር፣ ዓመት፣ ከተማ ያለ የዳይሜንሽኑ ክፍል ነው፤ ኪይ ደግሞ አንዱን ከሌላው የሚለየው መለያ። ባልደረባዋ ኤረሩን እንዲያልፈው አደረገላትና ፕሮሰሱ አለቀ። ግን ጠቅላላ ድምሩ ልክ ሆኖ ሳለ፣ የሦስት ዓመት የመስከረም ሽያጭ በሙሉ 2015 ሥር ገባ፣ የጥቅምቱ ደግሞ በሙሉ 2017 ሥር። የደንበኞች ዳይሜንሽን ላይም የሐዋሳ ሽያጭ ያለ ቅጥ አብጧል። «ኪይ ላይ ምን ላስገባ? ሪፖርቶቹ ሰው እጅ ገብተዋል፣ አሁን ብቀይር ምን ይበላሻል?» ነው የምትለው።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ባልደረባሽ የዘጋውን ኤረር መልሰሽ ክፈቺው። ዳይሜንሽኑ ላይ ኤረር ኮንፊገሬሽን የሚል ፕሮፐርቲ አለ። እዚያ ውስጥ ኪይ ዱፕሊኬት (የተደገመ ኪይ) የሚለውን ከኢግኖር ኤረር (ኤረሩን እለፍ) አውጪውና ሪፖርት ኤንድ ስቶፕ (ተናግረህ ቁም) አድርጊው። ብዙ ሰው ይህን ኤረር እንደ ጠላት ያየዋል። እኔ ግን በጣም አከብረዋለሁ፤ ቁጥርሽ ተሳስቶ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ከመድረሱ በፊት የሚጮኸው እሱ ነው። አፉን ስትዘጊው ችግሩ አይጠፋም፣ ወደ ሪፖርቱ ይገባል። አንቺ ዘንድ የሆነውም ይኸው ነው።

አሁን ከውስጥ ምን እንደሚሆን እንይ፤ ይሄ ከገባሽ የቀረው ሁሉ ይቀላል።

አናሊሲስ ሰርቪስስ ዳይሜንሽን ፕሮሰስ ሲያደርግ ለእያንዳንዱ አትሪቢዩት ለብቻው ጥያቄ ወደ ዳታቤዙ ይልካል። ሰሌክት ዲስቲንክት ነው የሚልከው፤ የተደጋገመውን አንዴ ብቻ የሚያመጣ ጥያቄ። ለወር ሲልክ የወሩን ኪይ፣ ስሙን፣ እና ወሩ በግንኙነት የተያያዘበትን የሌላ አትሪቢዩት ኪይ፣ ማለትም ዓመቱን፣ አብሮ ያመጣል። የወሩ ኪይ «መስከረም» የሚለው ስም ብቻ ከሆነ ሦስት ረድፍ ይመጣለታል፦ መስከረም ከ2015፣ መስከረም ከ2016፣ መስከረም ከ2017። ለእሱ ኪዩ አንድ ከሆነ አባሉ (በአትሪቢዩቱ ሥር የሚዘረዘረው አንዱ ወር) አንድ ነው። አንድ ወር ደግሞ ሦስት ዓመት ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ ወይ ይጮኻል፣ ወይ ዝም በል ካልሽው አንዱን ዓመት ይዞ ሌሎቹን ይጥላል። የትኛውን እንደሚይዝ ዋስትና የለሽም፤ መስከረም 2015 ሥር፣ ጥቅምት 2017 ሥር የገቡት ለዚህ ነው። ቀኑ ራሱ አልተሳሳተም፣ ኪዩ ልዩ ነውና። ግን ቀኑ ዓመቱን የሚያገኘው በወሩ በኩል ስለሆነ፣ ወሩ ሲሳሳት አብሮ ተጎተተ። ጠቅላላ ድምሩ ልክ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንድም ብር አልጠፋም፣ የተሳሳተ ቤት ነው የገባው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ማምለጫ አለ፣ እሱንም ላንሳ። በወርና በዓመት መካከል ያለውን ግንኙነት ብታጠፊ፣ ሁለቱም በቀጥታ ከቀኑ ጋር ብቻ ይያያዛሉ፣ ኤረሩም ወዲያው ይጠፋል። ቁጥሩም ልክ ይመጣል። ግን ያኔ ዓመት፣ ሩብ ዓመት፣ ወር ብለሽ የሠራሽው ሃይራርኪ ለኢንጂኑ ተፈጥሯዊ አይደለም፤ የወር ድምር ተሰልቶ ቢቀመጥ እንኳ ከእሱ ተነስቶ የዓመቱን ሊያወጣ አይችልም። ዳታሽ ሲበዛ ኪዩቡ ይንፏቀቃል። ግንኙነቱን አትንኪው፣ ኪዩን አስተካክዪ።

ኪይ ኮለምስ ላይ፣ ኪዩ በሚሞላበት ፕሮፐርቲ፣ ምን እንደሚገባ ለመወሰን እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ውጭ፣ ከኮምፒዩተሩ ወዲያ፣ እነዚህ ነገሮች ሁለት ናቸው ወይስ አንድ? መስከረም 2015 እና መስከረም 2016 ሁለት ናቸው። ስለዚህ ኪዩ ሁለቱን የሚለይ መሆን አለበት፣ ዓመቱን መጨመር ግድ ነው።

ይህን በሁለት መንገድ ማድረግ ትችያለሽ። አንደኛው ኪይ ኮለምስ ውስጥ ሁለት ኮለምን ማስገባት ነው፤ ዓመትና የወር ቁጥር። ያን ጊዜ ኔም ኮለምን የሚለውን፣ ለሰው የሚታየውን ስም፣ የግድ ራስሽ ትሞያለሽ፣ ኪዩ አንድ ኮለምን ሲሆን እንደሚያደርገው ከኪዩ ስም አያወጣም። ቅደም ተከተሉንም ተጠንቀቂ፣ ዓመቱ ከላይ፣ ወሩ ከሥር፤ በኪይ ሲደረደር የሚከተለው ይህንን ነው። ሁለተኛው መንገድ ቪው (ዳታቤዙ ላይ የተቀመጠ ጥያቄ) ላይ አንድ የቁጥር ኮለምን መሥራት ነው፤ ዓመቱን በ100 አባዝተሽ የወሩን ቁጥር ትደምሪያለሽ። መስከረም 2016 ሲሆን 201601፣ ጳጉሜ 2016 ሲሆን 201613። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ቀላል ነው፣ በኤምዲኤክስ፣ በኪዩብ መጠየቂያው ቋንቋ፣ ስትጽፊ አባሉን በአንድ ቁጥር ትጠሪዋለሽ፣ ቀለል ያለ ኪይ ደግሞ ከዓመት በኋላ ለሚረከብሽ ሰው ግልጽ ነው።

ሩብ ዓመትም ያው በሽታ አለበት፣ «1ኛ ሩብ ዓመት» በየዓመቱ ይደገማል። 20161 የመሰለ ኪይ ስጪው።

ሩብ ዓመት ካነሳን፣ ከውጭ አገር የተገለበጠ የቀን ቴብል ስክሪፕት እኛ ጋ ሲመጣ የሚሰበረው እዚህ ነው። የተለመደው ስሌት የወሩን ቁጥር አንድ ቀንሶ ለ3 ያካፍልና አንድ ይደምራል። ለ12 ወር ይሠራል። ጳጉሜ 13ኛ ወር ስትሆን ግን ውጤቱ 5 ይመጣል፤ 5ኛ ሩብ ዓመት የሚባል ነገር ደግሞ የለም። ኪዩቡ ኤረር አይልሽም፣ አዲስ አባል ፈጥሮ ዝም ይላል። ጳጉሜን በእጅሽ መድቢያት። በዘመን አቆጣጠሩ ከሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ጋር 4ኛው ላይ። በበጀት ዓመቱ ደግሞ ከሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ጋር 1ኛው ላይ። ሁለቱ ሩብ ዓመቶች ስለማይገጥሙ ሁለት የተለያዩ አትሪቢዩቶች ያስፈልጉሻል፤ ወሩ ከሁለቱም ጋር ይያያዛል፣ እያንዳንዱ ወደ የራሱ ዓመት ይወጣል።

በጀት ዓመቱ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው ሲወድቅበት ስላየሁ ረዘም ላድርገው። የ2016 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2015 ነው፣ የሚያልቀው ሰኔ 30 ቀን 2016። አንዳንዱ ለበጀት ወር ኪዩን የበጀት ዓመትና የወር ቁጥር አድርጎ ይሠራዋል። ልዩ ነው፣ አይደገምም፣ ኤረርም የለም። ግን ሲደረደር በ2016 በጀት ዓመት ሥር መጀመሪያ የሚመጣው 1ኛ ወር መስከረም ነው፤ ሐምሌ 11ኛ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል። ከዓመቱ መጀመሪያ እስካሁን ያለውን ድምር ስታሰሪ ሐምሌና ነሐሴ ከመጨረሻ ይቆጠራሉ፣ ቁጥሩ ይበላሻል። ከላይ ያልኩሽን የዘመን አቆጣጠሩን ኪይ ብትጠቀሚ ግን 201511፣ 201512፣ 201513፣ 201601 እያለ በራሱ ተሰልፎ ይሄዳል። አንድ የወር አትሪቢዩት ሁለቱንም ሃይራርኪ ያገለግላል። ሌላ ወር መፍጠር አያስፈልግሽም።

ስለ ድርደራ ካወራን፣ ኦርደር ባይ የሚለውን ፕሮፐርቲ ኪይ ላይ አድርጊው። ኔም ላይ ከሆነ ወሮቹ በሀሁ ተራ ይሰለፋሉ፦ ሐምሌ፣ መስከረም፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ እያለ። የሚገርመው ሐምሌ አንደኛ ሲወጣ የፋይናንስ ሰው የበጀት ዓመት ይመስለውና ልክ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ መጋቢት ከመስከረም ቀጥሎ መምጣቱን ልብ የሚለው ዘግይቶ ነው። ኅዳርን «ህዳር» ብላችሁ ጽፋችሁ ከሆነ ደግሞ እሱ ከሐምሌም ይቀድማል።

ኔም ኮለምን ላይ «መስከረም 2016» ብለሽ አስገቢ እንጂ «መስከረም» ብቻ አትበዪ። ሰው ሃይራርኪውን ትቶ ወሩን ብቻ ወደ ኤክሴል ጎትቶ ሲያወርድ ሦስት መስከረም ያለ ዓመት ቢደረደርበት የቱ የቱ እንደሆነ አያውቅም። «የሦስቱን ዓመት መስከረም አንድ ላይ ማየት እፈልጋለሁ» የሚልም አለ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ክረምቱ ሲወጣ እንዴት እንደሚሸጥ ለማወቅ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ግን ሌላ አትሪቢዩት ነው። «የዓመቱ ወር» በይው፣ ኪዩ ከ1 እስከ 13፣ ስሙ መስከረም፣ ጥቅምት እያለ፤ ከዓመት ጋር አታያይዢው። እዚያ የሦስቱ ዓመት መስከረም በእውነትም አንድ ነው፣ ምክንያቱም የምትጠይቂው ስለ ወቅቱ ነው። ያው ጥያቄ ተመለሰ፣ ሁለት ናቸው ወይስ አንድ።

ቫልዩ ኮለምን የሚባለውን ለቀኑ አትሪቢዩት የፈረንጁን ቀን በዴት ዓይነት ስጪው፣ በኤምዲኤክስ ቀን ለማስላት ይጠቅምሻል። ለሌሎቹ ባዶ ቢቀር ችግር የለውም።

ወደ ሐዋሳ ማበጥ ልምጣ። ክፍለ ከተማውን በስሙ ኪይ አድርገሽዋል ብዬ እገምታለሁ። ሐዋሳ ውስጥ አዲስ ከተማ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። አዲስ አበባም አዲስ ከተማ አለ። ያውም መርካቶ ያለበት! ኪዩ ስሙ ብቻ ከሆነ ሁለቱ አንድ አባል ናቸው፣ ኤረሩም ስለተዘጋ ኪዩቡ ሐዋሳን መረጠ፣ የመርካቶ ደንበኞቻችሁ ግዢ ሁሉ እናንተ ጋ ተቆጠረ። ቀበሌ ላይም ተመልከቺ። ቀበሌ 01 አዳማም አለ፣ ሐዋሳም አለ፣ ሌላም ብዙ ከተማ አለ። ለእነዚህ የክፍለ ከተማ ቴብል ሠርተሽ ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ስጪው፣ ኪዩ እሱ ይሁን። ቴብል መሥራት ካልተቻለ የከተማውን ኮድና የክፍለ ከተማውን ስም አጣምሪ።

ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ኤረር ባየሽ ቁጥር ኪዩ ላይ ኮለምን መከመር አትልመጂ። ኤረሩ ሁለት ነገር ሊነግርሽ ይችላል፤ ኪዩ ጠቧል፣ ወይም ዳታው እርስ በርሱ ይጋጫል። መልካቸው አንድ ነው፣ መፍትሔያቸው ግን ፍጹም የተለያየ።

ለዚህ የራስሽ ከተማ ጥሩ ምሳሌ ናት። ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ። ከዚያ በፊት የተመዘገቡ ደንበኞች ላይ ሐዋሳ «ደቡብ» ተብላ ተጽፋ ይሆናል፣ በኋላ የተመዘገቡት ላይ «ሲዳማ»። ከተማ ከክልል ጋር በግንኙነት ስትያያዝ ሐዋሳ ሁለት ክልል ይመጣላታል፣ ኤረር። አሁን ክልሉን ወደ ከተማው ኪይ ብትጨምሪ ኤረሩ ይጠፋል። ግን ሁለት ሐዋሳ ፈጠርሽ! የደንበኛው ብዛት ለሁለት ይከፈላል፣ የአምናና የዘንድሮ ንጽጽር ይበላሻል፣ ማንም ደግሞ ኤረር አያይም። ሐዋሳ ግን አንዲት ከተማ ናት። እዚህ የሚስተካከለው ዳታው ነው፣ ኪዩ አይደለም። የድሮው አከፋፈል በእርግጥ ለሪፖርት የሚያስፈልግ ከሆነ «የቀድሞ ክልል» ብለሽ ሌላ አትሪቢዩት አድርጊው።

በነገራችን ላይ የከተማና የክልል ግንኙነትን ሪጂድ (የማይለወጥ) አታድርጊው፣ ፍሌክሲብል (ሊለወጥ የሚችል) ይሁን። ሪጂድ ስትይው ይህ መቼም አይለወጥም ብለሽ መማልሽ ነው፤ ከተለወጠ ፕሮሰስ አፕዴት (ያለውን ሳያፈርስ የተለወጠውን የሚያድሰው) በኤረር ይቆማል፣ ሙሉ ፕሮሰስ ካላደረግሽ አያልፍም። ቀንና ወር ሪጂድ ይሁኑ፣ መስከረም 5 ቀን 2016 ወደ ጥቅምት አይሄድም። የአስተዳደር ወሰን ግን እኛ አገር ሲለወጥ አይተናል።

ቀጥሎ ያለው አማርኛ ጽሑፍን ኪይ ለሚያደርግ ሰው ሁሉ ነው። አታድርጊው። የመጀመሪያው ምክንያት አጻጻፋችን ነው። ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሃዋሳ፣ አዋሳ፤ አራቱንም ቆጣሪ ላይ የሚመዘግቡ ሠራተኞች ይጽፏቸዋል። ለሰው አንድ ናቸው፣ ለኪዩቡ አራት ከተማ። አዳማ ላይም የቆየ የደንበኛ ፋይል ሲገለበጥ ናዝሬት የሚል ይወጣል። ይህ መስከረም ላይ ከሆነው ተቃራኒ ነው፣ እዚያ ሁለቱ አንድ ሆኑ፣ እዚህ አንዱ አራት ሆነ። የሚከፋው ደግሞ ይሄኛው ኤረር የለውም። ኪዩ ኮድ ከሆነና ስሙ ኔም ኮለምን ላይ ብቻ ከተቀመጠ፣ ናዝሬትን አዳማ ብለሽ አንድ ቦታ ታስተካክያለሽ፣ ፕሮሰስ አፕዴት ታደርጊያለሽ፣ አለቀ። አባሉ ያው ነው፣ የተነካ ሽያጭ የለም።

ሁለተኛው ምክንያት ኮሌሽን ነው፤ ጽሑፍ የሚወዳደርበትና የሚደረደርበት ደንብ። ዳታቤዙ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ዊንዶውስ ላይ እሺ፣ ቀጥል እየተባለ ሲጫን የሚይዘው የቆየው ኮሌሽን፣ ኤስኪውኤል ላቲን ዋን ጄኔራል የሚለው፣ ለግዕዝ ፊደላት የማወዳደሪያ ክብደት የለውም። መስከረም ከጥቅምት ጋር እኩል ነው ወይ ብትይው፣ አዎ ይልሻል። ዲስቲንክት ስትይ 13 ወር ጠብቀሽ አንድ ረድፍ ታገኛለሽ። ያንቺ ሰርቨር ወሮቹን ለይቷቸዋልና የቀን ቴብልሽ ደህና ነው፤ ግን ኮሌሽን በየኮለምኑ ሊለያይ ስለሚችል ከድሮ ሲስተም የተገለበጡትን ቴብሎች አንድ በአንድ እያቸው። ላቲን ዋን ጄኔራል 100 ከሚለው ቤተሰብ ብትጠቀሚ ይህ ይቀረፋል። አናሊሲስ ሰርቪስስ ደግሞ የራሱ ኮሌሽን አለው፣ ከዳታቤዙ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ዳታቤዙ ሁለት ያለውን እሱ አንድ ይልና የማይገባሽ ኤረር ይመጣል። ኮለምኑ ኤንቫርቻር (የየትኛውንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ የጽሑፍ ዓይነት) መሆኑንም አረጋግጪ። ቫርቻር ከሆነ በተለመዱት ኮሌሽኖች አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል፣ አራት ሆሄ ያለው ስም ሁሉ አንድ ዓይነት አራት የጥያቄ ምልክት ይሆናል።

በኤረሩ መልእክት ውስጥ ቫልዩ የሚለው ቦታ ባዶ ሆኖ ከመጣብሽ ደግሞ ያ ኮለምን ውስጥ ናልም (ጭራሽ ያልተሞላ) ባዶ ጽሑፍም አብረው አሉ ማለት ነው። ዳታቤዙ ሁለት ይላቸዋል፣ አናሊሲስ ሰርቪስስ በነባሪው ናሉን ወደ ባዶ ይቀይረዋልና ይደገማል። ቪው ላይ ሁለቱንም «ያልተገለጸ» ወደሚል አንድ ቃል ቀይሪ።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ። ቀይሪው፣ አሁኑኑ። በቆየ ቁጥር ይከብዳል። የሚበላሸው ምን እንደሆነ ግን ቀድመሽ እወቂ። ኤክሴል ፒቮት ላይ ሰው የመረጠው ፊልተር የሚቀመጠው በአባሉ ኪይ ነው። ኪዩ ከ«መስከረም» ወደ 201601 ሲቀየር ያ ምርጫ የሚያገኘው አባል የለም። ሪፖርቶች ላይ በነባሪነት የተቀመጡ ፓራሜትሮች፣ ኪዩቡ ውስጥ የጻፍሻቸው ስሌቶች አባል በኪይ የሚጠሩ ከሆነ፣ እነሱም እንዲሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ባካፕ ያዢ፣ ከዚያ ስሌቶቹን ፈትሺ።

ኪዩን ከቀየርሽ በኋላ ፕሮሰስ አፕዴት አይበቃም፣ ዳይሜንሽኑን ሙሉ ፕሮሰስ አድርጊ። ያን ስታደርጊ በእሱ የሚጠቀሙ ኪዩቦች ዳታቸው ይወድቃል፣ እነሱንም ተከትለሽ ፕሮሰስ ማድረግ አለብሽ፤ በመካከል ኪዩቡን የሚከፍት ሰው ምንም አያገኝም። ማታ ሥሪው። ሲያልቅ የወር አባላትን ቁጠሪ፤ ሦስት ሙሉ ዓመት ከጫንሽ 39 መሆን አለባቸው፣ አንኖውን (ያልታወቀ) የሚለውን ሳይጨምር። ድሮ 13 ነበሩ። ከዚያ የእያንዳንዱን ዓመትና የእያንዳንዱን ከተማ ድምር በቀጥታ ከሽያጭ ቴብሉ በኤስኪውኤል አውጥተሽ ጎን ለጎን አስተያዪ። ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አትመኚ፣ እሱ ስህተት እያለም ልክ ነበር።

ፋይናንሶቹን ቀድመሽ ንገሪያቸው። ፒቮታቸውን ሪፍሬሽ አድርገው የወርና የክፍለ ከተማ ፊልተራቸውን እንደገና እንዲመርጡ፣ እስካሁን ያወጧቸው የዓመትና የከተማ ቁጥሮችም እንደሚለወጡ በግልጽ ንገሪያቸው። እና የሰኔ መዝጊያ ሰሞን አትነካኪው፣ ሪፖርት የማይላክበት ሳምንት ምረጪ።